ማርቆስ ላለው ጎሚስታ ምስጋና (ትልቅ ጎማ ልትገጥሙ ያሰባችሁም አንብቡት)

ሰላም የጎጃም ልጆች፣ ዛሬ አንድ ሰው ላመሰግን ነው። ስሜን እንዳታወጣ ስላለኝ አልጽፈውም፣ ደብረ ማርቆስ ያለ ጎሚስታ ነው፣ ኢንቦክስ ለጠየቀኝ ቦታውን እነግራለሁ።

ነገሩ ኮሮላዬ ክረምት ላይ ገጠር ስገባ ሆዷ መሬት እየላሰ አስቸገረኝና አንድ ጎማ ቤት ሄድኩ፣ ከፍ ትበልልህ ብለው ቁጥሩ (የጎማው ስፋትና የጎኑ ከፍታ ማለት ነው) 195/65 የነበረውን አውጥተው በዛው በ15 ኢንች ቸርኬ 205/70 ገጠሙልኝ። ስታዩዋት ታምራለች፣ እኔም ጅንን ብዬ ሁለት ሳምንት ነዳሁ። ከዛ ሰው ጭኜ ከአዲስ አበባ ስመለስ አባይ በረሃ ገባሁ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ ከድሮው በላይ ካልረገጥኩት አልይዝ አለኝ፣ ከድልድዩ ወደ ደጀን ስንወጣ ደግሞ በሦስተኛ የምትወጣውን ዳገት በሁለተኛ እየጮኸች፣ አንድ ተሳፋሪ አባት «ልጄ ወርደን እንግፋት እንዴ?» አሉኝ 😂 መሪ ሙሉ ስጠመዝዝማ ጎማው ፓራፋንጎውን ይፈትጋል። ቤንዚንም በላች፣ ሞተር ነው ብዬ መካኒክ ጋ ብር ጨረስኩ።

በመጨረሻ የማርቆሱ ጎሚስታ ጋ ሄድኩ፣ ይሄ ልጅ ኮፈን ክፈት እንኳ አላለኝም። ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) የድሮው ቁጥር ነበር፣ አወረደው፣ ጎኑ ላይ በጠመኔ አሰመረና አስፋልቱ ላይ አንድ ዙር አንከባሎ በሜትር ለካው፣ 2 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ቀረው። አዲሱን ፈቶ አንከባለለ፣ 2 ሜትር ከ10 ገደማ። «አየህ ወንድምዓለም፣ በየዙሩ 10 ሳንቲም ትርፍ ትሄዳለህ ቆጣሪው ግን አያውቅልህም፣ 100 ላይ ነኝ ስትል 105 ላይ ነህ» አለኝ። ቤንዚን በላች ያልኩትም ግማሹ ከዚሁ ነው ለካ፣ የሄድኩትን አሳንሶ እየቆጠረብኝ። ሌላው ግን እውነት ነው፣ ጎማው ከብዷል፣ ካምቢዮው ደግሞ ለትንሹ ጎማ የተሰራ ስለሆነ ሁሌ ማርሽ ከፍ አድርጌ እንደምነዳ ነው፣ ፍሬኑም ትልቁን ጎማ ለማቆም የበለጠ ይደክማል።

ያናደደኝ የቱ መሰላችሁ፣ ጎማው በቁመት 3 ሳንቲም ምናምን ቢጨምርም መኪናዋ ከመሬት የምትነሳው ግማሹን ብቻ ነው። ያ ሁሉ ብር ለአንድ ሳንቲም ተኩል ምናምን!

ሌላ ጎማ ሊሸጥልኝ ይችል ነበር እኮ። «የድሮዎቹ አሉ?» አለኝ፣ እቤት ጓሮ ዶሮ እያደረባቸው ነበር፣ አጥቤ አመጣሁለት፣ መልሶ ገጠመ፣ ባላንስ ሰራ፣ የእጁን ብቻ ተቀበለኝ። የግድ ከፍ ማድረግ ካማረህ 205/65 ግባ፣ ልዩነቱ 2 ፐርሰንት ነው፣ ከዛ አትለፍ ብሎኛል። የመኪናችሁ የጎማ ቁጥር የሾፌር በር ስትከፍቱ ብዙ ጊዜ ወረቀት ላይ ተለጥፎ አለ፣ እሱን ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ። ቅዳሜ ግን ገበያ ስለሆነ ወረፋው አይቻልም።

ባለፈው ሳምንት ደጀንን በሦስተኛ ወጣኋት። ቪትዝህ ላይ ትልቅ ጎማ ልገጥም ነው ስትል የነበርከው ወንድሜ፣ አይተህ እንዳላየ አትሁን፣ መጀመሪያ ደውልልኝ።