የቆዳ ሙጫ ወይስ ነጭ ኮላ?
እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የማርቲን (የአሜሪካ ጊታር ሠሪ ኩባንያ) ጊታሮች አምሳል አኩስቲክ ጊታር በእጁ የሚሠራ ሰው ከእንጨቱ ቀጥሎ የሚያሳስበው ማጣበቂያው ነው። ነጭ ኮላ ይቀላል፤ ቀብቶ፣ ተረጋግቶ አስተካክሎ በሞርሳ ማሰር ነው። ከእንስሳት ቆዳ የሚሠራው የቆዳ ሙጫ ግን በውኃ ይዘፈዘፋል፣ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይሞቃል፤ ከተቀባ ወዲያው መርጋት ስለሚጀምር እንጨቱንም አስቀድሞ ማሞቅ ይበጃል። ልፋቱ አያስቆጭም፦ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ይጠነክራል። ነጭ ኮላ በሙቀት ጊዜ ለክሮቹ ጉተታ ቀስ በቀስ ይሸነፋል፤ ብሪጁ (ክሮቹ የሚታሰሩበት፣ በጊታሩ ፊት ላይ የተጣበቀው እንጨት) ከቦታው በትንሹ ተንሸራቶ ከኋላው ቀጭን ክፍተት ይታያል። የድምፅ ልዩነታቸውን በጆሮዬ አልለየሁም። ለብሪጁና ለውስጥ ድጋፎቹ ግን ያለማመንታት የቆዳ ሙጫን እመርጣለሁ፤ ከዓመታት በኋላ የሚጠግነው ሰው በሙቀትና በእርጥበት ያላቅቀዋል፣ አዲሱም ሙጫ በአሮጌው ላይ ይይዛል።