«በቀን ምን ይሠራሉ?» ብሎ ለሚጀምረው የደሴው ኮምፒውተር ባለሙያ ምስጋና

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው፤ ደግሞም ለመጠቆም። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ላፕቶፕ የሚሸጥና የሚጠግን አንድ ወጣት አለ። ስሙንና ስልኩን አደባባይ እንዳላወጣ ስለለመነኝ አልጽፈውም። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።

እኔ ራፖር ጸሐፊ ነኝ። ፍርድ ቤት አካባቢ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ማመልከቻ፣ ክስና ውል እጽፋለሁ። ቀኑን ሙሉ የምመታው አማርኛ ነው። ባለጉዳዩ አጠገቤ ቆሞ ይጠብቃል። ቀጠሮ አለው፣ ከሩቅ ገጠር የመጣም ይኖራል። መብራት ደግሞ በፈለገው ሰዓት ይሄዳል።

የቆየው ኮምፒውተሬ ዕድሜውን ሲጨርስ ሌላ ፍለጋ ወጣሁ። የገባሁባቸው ሱቆች ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ስንት ብር ይዘዋል?» ብለው ነው። ከዚያ በያዝኩት ልክ አንዱን አንስተው ያሞግሱልኛል። አንደኛው ቤት ኪቦርዱ በቀይና በሰማያዊ የሚበራ የጌም ላፕቶፕ ሊያሸክመኝ ምንም አልቀረው።

ይህ ልጅ ስለ ብሩ አላነሳም። «እትዬ፣ በቀን ምን ይሠራሉ? የት ተቀምጠው?» አለኝ። ነገርኩት። በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ እኔ ዘንድ መጣ። ብዙም ሳያወራ ቆሞ አየኝ። ሶኬቱ የት እንዳለ፣ ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚመጣ፣ ባለጉዳይ ጽሑፉን በወረቀት ይሁን በስልክ ይዞ እንደሚሄድ ተመለከተ። ሲሄድ «አብሽሩ፣ የሚሆንዎትን አውቄዋለሁ» አለኝ።

ያመጣልኝ ቲንክፓድ ቲ480 የሚባል ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። ጥቁር ነው፣ ወፈር ይላል፣ ለዓይን አይማርክም። ለምን እንደመረጠው ግን ቁጭ ብሎ አስረዳኝ።

ዋናው ነገር ባትሪው ነው። ይህ ማሽን ሁለት ባትሪ ይይዛል። አንዱ ውስጥ ነው፣ ሌላው ከኋላ ተነቅሎ ይወጣል። የኋላው ሲያልቅ ኮምፒውተሩን ሳላጠፋ ነቅዬ ሌላ መሰካት እችላለሁ። በመሀል ያለችውን ጊዜ የውስጡ ይሸፍናል። የጀመርኩት ክስ ሳይቋረጥ ይቀጥላል ማለት ነው።

ደግሞ ያገለገለ ዕቃ ነውና «ባትሪው ደህና ነው» ብሎ በቃል አላለፈውም። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ አንዲት መስመር ጻፈ። የባትሪ ሪፖርት የሚባል ገጽ ወጣ። ባትሪው ሲመረት የነበረው አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘው ተጽፎበታል። የውስጡ ከ24 ዋት-ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) 20 ያህሉን ይዟል። የኋላው ግን ከ48 ወደ 15 ወርዶ ተገኘ። «ይሄማ አይሆንም» ብሎ ነቀለውና ደህናውን ቀየረልኝ። እሱ ባያሳየኝ ኖሮ በምን አውቀው ነበር? ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙ ሁሉ ይህን ሪፖርት ሻጩን አስከፍቱት። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣ ስለሆነ የሚጫን ነገር የለውም።

ረከስ ያለ ቲ470ም ነበረው። እሱም ባለ ሁለት ባትሪ ነው፣ ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አንጎል) ግን 7ኛ ትውልድ ነው። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። «የሰው ምስጢር ነው የሚጽፉበት፤ የደኅንነት ማሻሻያ የማይደርሰው ማሽን ልሰጥዎ አልፈልግም» አለኝ። የሁለቱንም ዋጋ ነግሮኝ ምርጫውን ለእኔ ተወልኝ። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፤ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ሰው ያሳስታል።

ኪቦርዱን ራሴ እንድሞክረው አደረገ። አማርኛ የሚጽፍ ሰው ያውቀዋል፣ ጣታችን ሥራ ይበዛበታል። ኪይማን በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም «ሰላም» ለማለት አምስት ቁልፍ ይነካል፤ ፊደሉ ሦስት ነው። ቀን ሙሉ ለሚመታ ሰው ቁልፉ በደንብ ወርዶ የሚመለስ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ስክሪኑም የማያብረቀርቀው ዓይነት ነው። በረንዳ ላይ በሚያብረቀርቅ ስክሪን ብሠራ ከጽሑፌ ይልቅ የራሴን ፊት ነበር የማየው። ራሙ 8 ጊጋ ነው፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ። ከዚያ በላይ እንዳልከፍል የከለከለኝ እሱ ነው።

የፊደሉን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ምስጋናዬ ግማሽ ይሆናል። የድሮ ፋይሎቼ ዩኒኮድ (ፊደሉ በየትኛውም ማሽን ላይ እንዲነበብ የሚያደርገው የጋራ ሥርዓት) ባልሆኑ ፎንቶች የተጻፉ ናቸው። እኔ ማሽን ላይ አማርኛ ናቸው፤ ባለጉዳዩ ስልክ ላይ በቴሌግራም ሲደርሱ ግን የማይነበብ ምልክት ይሆናሉ። ኪይማን ጭኖልኝ በዩኒኮድ እንድጽፍ አለማመደኝ። ኒያላ የሚባለው የአማርኛ ፎንት ማሽኑ ላይ ያልነበረው አዲሱ ዊንዶውስ እንደ አማራጭ ስለሚያስቀምጠው መሆኑን አሳይቶኝ እሱንም ጫነልኝ። የቆዩ የውል ናሙናዎቼን እዚያው ቁጭ ብሎ ወደ ዩኒኮድ ገለበጣቸው። ለዚህኛው ሳንቲም አልተቀበለኝም።

ማተሚያም እንዲሁ። ባለ ቀለም ኢንክጄት ነበር በልቤ የያዝኩት። «ማመልከቻ በቀለም ማን ይጠይቅዎታል? ጥቁርና ነጭ ሌዘር ይበቃል» አለኝ። ኢንክጄት ሳይሠራ ከቆየ ቀለሙ ይደርቃል። ፍርድ ቤት ለእረፍት በሚዘጋበት ክረምት ማተሚያዬ ሥራ ስለሚፈታ ይህ ለእኔ እውነተኛ ችግር ነው። የሌዘሩ ቀለም፣ ቶነር የሚባለው፣ ዱቄት ነው፣ አይደርቅም። አንድ ነገር ግን አጥብቆ አስጠነቀቀኝ፦ ሌዘሩን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጠው የባትሪ ሣጥን) ላይ እንዳልሰካ። ሲያትም ውስጡ ያለው ማሞቂያ በአንዴ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ትንሽ ዩፒኤስ አይችለውም። መብራት ሲጠፋ ጽሑፉን በፒዲኤፍ አስቀምጬ ጄኔሬተር ያለው ጎረቤት ጋ አሳትማለሁ።

ሱቁ ውስጥ ተራ ስጠብቅ ሌሎችንም እንዴት እንደሚያስተናግድ አይቻለሁ። ከደላንታ የመጣ የግብርና ባለሙያ ላፕቶፕ ፈልጎ ገባ። ሥራውን ሲጠየቅ ቀበሌ ለቀበሌ እየዞረ ፎቶ ማንሳትና ቅጽ መሙላት ነው፣ ያውም በስልክ። ልጁ ላፕቶፑን ትቶ ፓወር ባንክ አሳየው። ሒሳቡንም ወረቀት ላይ ሠራለት። 20,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት የሚለው በውስጡ ባለው 3.7 ቮልት ነው፣ ወደ 74 ዋት-ሰዓት ገደማ ይመጣል። ሲሞላ የሚባክነው ስላለ ባትሪው 5,000 የሆነ ስልክ ሦስት ጊዜ ገደማ ቢሞላ ነው እንጂ አራት ጊዜ ብሎ እንዳይጠብቅ ነገረው። ትልቅ ሽያጭ በእጁ ገብቶ ነበር፤ በትንሹ ሸኘው።

አንዲት የምሕንድስና ተማሪ ደግሞ የእኔን ዓይነት ማሽን ዓይታ ፈለገችው። አልሸጥም አላት። የምትሠራው አውቶካድና ባለ ሦስት አውታር ንድፍ ስለሆነ የተሻለ ግራፊክስና 16 ጊጋ ራም ያለው እስኪመጣ እንድትጠብቅ መከራት።

እንግዲህ ደሴም ሆናችሁ፣ ሐረጎን ወጥታችሁ ከኮምቦልቻ የምትመጡ፣ ከሐይቅም ከኩታበርም፣ ለሥራችሁ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ልጅ አማክሩት። ብቻውን ስለሚሠራ ወረፋ አለ፣ ታገሡት። አርብ በጁምዓ ሰዓት ይዘጋል። ስትሄዱ የቆየውን ማሽናችሁን ከነቻርጀሩ ያዙ፣ የምትሠሩባቸውን ፋይሎችም በፍላሽ። የት ተቀምጣችሁ እንደምትሠሩና መብራት ሲሄድ ምን እንደምታደርጉ መጠየቁ ስለማይቀር አስባችሁ ሂዱ።

አንተም ይህን ካነበብከው፣ ልጄ፣ እጅህ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ሁለተኛውን የኋላ ባትሪ ስታገኝ አስቀምጥልኝ፤ ቅዳሜ መጥቼ እወስዳለሁ።