የቆዳ ነጥብ መከታተያው መተግበሪያ፦ ፎቶው ይጠቅማል፣ ፍርዱ አያስተማምንም

በቆዳ ላይ ያሉ ምልክቶችን በስልክ ካሜራ አንሥቶ የሚያስቀምጥ፣ ከዚያም «ስጋቱ ዝቅተኛ ነው» ወይም «ሐኪም ያማክሩ» የሚል ውጤት የሚሰጥ አንድ መተግበሪያ ስጠቀም ቆይቻለሁ። ሁለት ሥራ የያዘ ነው፤ አንዱን በሚገባ ይሠራል፣ ሌላውን ግን ጭራሽ ባይሞክረው ይሻል ነበር።

በሚገባ የሚሠራው ፎቶ መያዙን ነው። ማርያም የሳመችው የምንለውን ዓይነት ጥቁር ነጥብ ቀደም ሲል ከተነሣው ፎቶ ጎን አድርጎ ስለሚያሳይ፣ በየቀኑ የሚያየው ዓይን የሚለምደው ለውጥ ጎልቶ ይወጣል። ሜላኖማ የተባለውን አደገኛ የቆዳ ካንሰር ለመጠርጠር ሐኪሞች ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠቀሙባቸው መለያዎች አራት ነበሩ፦ የነጥቡ ሁለት ጎኖች አለመመሳሰል፣ የጠርዙ ወጣ ገባ መሆን፣ የቀለሙ መዘበራረቅና ስፋቱ ከ6 ሚሊሜትር ማለፉ። በ2004 እ.ኤ.አ. አምስተኛው፣ ማለትም በጊዜ ሂደት መለወጥ፣ ተጨመረ። ከ6 ሚሊሜትር ያነሰ ሜላኖማ ስለሚኖርና ከዚያ የሚሰፉ ብዙ ነጥቦችም ጉዳት የሌላቸው ስለሆኑ፣ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠው ይኸው የመጨረሻው ነው፤ መተግበሪያውም የሚረዳው እዚህ ላይ ነው።

ችግሩ «ስጋቱ ዝቅተኛ ነው» የሚለው አረንጓዴ ውጤት ነው። የአውራ ጣቴን ጥፍር ሳነሣ የካሜራው መብራት በጥፍሩ ላይ አንጸባርቆ ግማሹን ነጭ አድርጎት ሳለ፣ መተግበሪያው ፎቶው እንዲደገም እንኳን ሳይጠይቅ «ስጋቱ ዝቅተኛ ነው» አለኝ። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ጥፍር ላይ ከሥር ወደ ጫፍ የሚሄድ ጥቁር መስመር የተለመደና አብዛኛውን ጊዜም ጉዳት የሌለው ነው፤ ነገር ግን በአንድ ጣት ላይ ብቻ ሲወጣ፣ እየሰፋ ሲሄድ፣ ወይም ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ ወደ ዙሪያው ቆዳ ሲዘልቅ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ቦብ ማርሊን በ1981 እ.ኤ.አ. ለሞት ያበቃው ሜላኖማ የተነሣው ከእግሩ ጣት ጥፍር ሥር ነበር። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ሜላኖማ ከሌላው የሰውነት ክፍል ይልቅ የሚወጣው በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ሆኖ ሳለ፣ ምልክቱ ያለበትን ቦታ የምናመለክትበት የመተግበሪያው የሰውነት ሥዕል «ውስጥ እግር» የሚባል ቦታ የለውም! ይህን እንደ ጥቃቅን ጉድለት ልቆጥረው አልችልም።

ከዚህም ሌላ መተግበሪያው የሚያውቀው ጥቁር ነጥብን ብቻ ነው። ከሜላኖማ ይልቅ በብዛት የሚታዩት የቆዳ ካንሰር ዓይነቶች ግን የሚያብረቀርቅ እብጠት፣ እየደረቀ ተመልሶ የሚደማ ቁስል፣ ወይም ሻካራና ቅርፊት ያዘለ ቦታ ሆነው ሊመጡ ይችላሉ፤ በአሮጌ የቃጠሎ ጠባሳ ላይ የሚነሣም አለ። ቀለም የሌለው፣ ሮዝ መልክ ያለው ሜላኖማም ይገኛል። ለሳምንታት የማይድን ቁስል ያለበት ሰው ይህን መተግበሪያ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ ከግምት የሚያልፍ አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ የጥናቶች ምዘናም የዚህ ዓይነት መተግበሪያዎች ሁሉንም ሜላኖማ ወይም ሌላ የቆዳ ካንሰር ለይተው ያወጣሉ ተብሎ ሊታመንባቸው እንደማይችል ደምድሟል።

ወርኃዊ ክፍያ የሚጠየቀው ለዚሁ ፍርድ መሆኑ ያስገርማል፤ ፎቶ ማስቀመጡና ማነጻጸሩ ነጻ ነው። ስለዚህ ክፍያውን አቋርጬ ነጻውን ክፍል ብቻ ይዣለሁ። ፎቶዎቹን ከነቀናቸው በአንድ ፋይል አውጥቶ ለመላክ ያስችላል፤ የቆዳ ሐኪም በደርማቶስኮፕ (ቆዳን አጉልቶ በሚያሳይ መሣሪያ) አይቶ ናሙና መውሰድ ያስፈልግ እንደሆነ ሲወስን «ይህ ነጥብ ከመቼ ጀምሮ ተለወጠ?» ለሚለው ጥያቄ ከቃል የተሻለ መልስ የሚሆነው ይህ ፋይል ነው።