ጢስ ዓባይ፦ በድንጋዩ ድልድይ ወይስ በጀልባ?

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ ጢስ ዓባይ ከተማ ከደረሳችሁ በኋላ ፏፏቴውን ከፊት ለፊት ለማየት ወንዙን መሻገር አለባችሁ።

አንዱ መሻገሪያ ከፏፏቴው በታች ያለው የአላታ ድልድይ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። ብዙ ሰው «የፖርቱጋል ድልድይ» ይለዋል። ለምን እዚያ እንደተሠራ ቦታውን ስታዩት ይገባችኋል፤ ያ ሰፊ ዓባይ በጥቁር ዓለት መሀል ተጨምቆ ጠባብ ገደል ውስጥ ይገባል። ከብት ለሚነዳ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነበር። በዋና ማሻገር ማለት ጥጃ በጎርፍ ማስወሰድ፣ አዞም መፍራት ነውና። ዛሬም በገበያ ቀን ከሄዳችሁ ጭነት የያዘ አህያና የሚነዳ በሬ ያጋጥማችኋል። ጠርዙን ተጠግታችሁ አሳልፏቸው፤ በሬ «ይቅርታ» አይልም። በክረምት ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ቁልቁለቱም ጉልበት ይፈትናል።

ሌላው ከፏፏቴው በላይ በሞተር ጀልባ መሻገር ነው። ደቂቃዎች ይበቁታል። አዛውንትና ሕፃን ለያዘ ሰው እሱ ይሻላል፤ ግን ከመሻገር ያለፈ የሚታይ ነገር የለውም።

እኔ ብሆን በድልድዩ ሄጄ በጀልባ እመለሳለሁ፤ ዳገቱን በድካም ሰዓት አልወጣውም። ጊዜው ደግሞ መስከረም ይሁን። ውኃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚወሰድ በበጋ የሚቀረው ጢስ ትንሽ ነው።