የኤሌክትሪክ የእጅ ፍሬን ላለው መኪና የኋላ ሸራ ቅየራ፦ የመኪናው አዝራር፣ ስልክ፣ ማሽን ወይስ ቀጥታ ባትሪ?

ሸራውን የያዘው ካሊፐር ተፈትቶ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ወደ ውስጥ አልገባ ሲል ሞርሳውን ለመካኒኩ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። አንድ ዙር ጨመረበት። ከውስጥ "ቋ" የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሁለታችንም ተያየን። ሸራ ለመቀየር ገብቼ የካሊፐርና ከጀርባው ያለው የእጅ ፍሬን ሞተር ዋጋ ከፍዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ፍሬኑን ለዚህ ሥራ የሚያዘጋጁትን መንገዶች አንድ በአንድ ሞክሬያቸዋለሁ፣ ወይም ሲሞከሩ አጠገብ ቆሜ አይቻለሁ።

በአብዛኞቹ አዳዲስ መኪናዎች ከካሊፐሩ ጀርባ ትንሽ ሞተር ተገጥሟል። ሞተሩ ጥርስ ያለው ዘንግ ያሽከረክራል፤ በዘንጉ ላይ ያለው ዳዶ ወደ ፊት ሄዶ ፒስተኑን ከኋላው ይደግፈዋል። ዳዶው ወደ ኋላ ካልተመለሰ ፒስተኑ የሚገባበት ቦታ የለውም፤ በሞርሳ ሲገፋ የሚሰበረው ጥርሱ ነው። ስለዚህ የትኛውንም መንገድ የምመዝነው በሦስት ጥያቄ ነው። ዳዶውን ይመልሳል? ሥራው እስኪያልቅ የመኪናውን ኮምፒውተር ዝም ያሰኛል? ሲያበቃ ፍሬኑን ዘግቶ አዲሱን ውፍረት ያስለምደዋል? ሻጮች የሚያወሩት ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። ጣት የሚጨፈልቀው ግን ሁለተኛው ሲጎድል ነው፦ ካሊፐሩ ወርዶ ሳለ በር ሲከፈት ወይም ቁልፍ ሲቀርብ የሚነቃ መኪና አለ።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት የኋላ ፍሬኑ ምን ዓይነት እንደሆነ ይታይ። አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት የሚታየው ቮልስዋገን አይዲ 4 ከኋላ ዲስክ የለውም፤ ታምቡር ነው። የእጅ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ ቢሠራም ከዚህ በታች ስለ ፒስተን የማወራው አይመለከተውም። እንደ ቢኤምደብልዩ ኤክስ 5 የ2007 (እ.ኤ.አ.) ትውልድ ያሉ ደግሞ አንድ ሞተር ኬብል ስቦ በዲስኩ ሆድ ውስጥ ያሉ ትንንሽ ሸራዎችን ያስይዛል። እዚያ ፒስተኑ ከእጅ ፍሬኑ ጋር ስለማይገናኝ እንደ ድሮው ተገፍቶ ይገባል።

ከመንገዶቹ ሁሉ የምወደው በመኪናው ውስጥ የተሠራውን ነው፤ ወጪ የለውም፣ ሦስቱንም ጥያቄዎች ይመልሳል። ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በተሠሩ ብዙ የፎርድ መኪናዎች ቁልፉ ተከፍቶ የነዳጁ ፔዳል እስከ ታች ይረገጣል፣ የእጅ ፍሬኑ አዝራር ወደ መልቀቂያው በኩል ተጭኖ ይያዛል፣ ሁለቱም ሳይለቀቁ ቁልፉ ተዘግቶ በ5 ሰከንድ ውስጥ እንደገና ይከፈታል። መመለሻው ያው ነው፤ አዝራሩ ብቻ ወደ መያዣው በኩል ይሳባል። ቴስላ በስክሪኑ ላይ ለጥገና የሚከፈት ገጽ አለው። ችግሩ ይህ የአዝራርና የፔዳል ቅደም ተከተል ከሞዴል ሞዴል፣ ከዓመት ዓመት መለያየቱ ነው። በቪዲዮ የታየ የሌላ ዓመት ሞዴል አሠራር ተኮርጆ ሲሞከር፣ ብዙ ጊዜ ምንም ሳይሆን ይቀርና ሰውየው "ገብቷል" ብሎ ካሊፐር መፍታት ይጀምራል። ሞተሩ ሲሽከረከር የሚያሰማው ድምፅ ከሁለቱም የኋላ ጎማ ካልተሰማ ምንም አልተከፈተም። ቅደም ተከተሉን ከራሱ ከመኪናው መመሪያ ውሰዱ።

ይህ ከሌለ ብዙዎች የሚሄዱት ከመሪው ሥር ወዳለው ሶኬት ተሰክቶ ከስልክ ጋር ወደሚገናኘው ትንሽ ዕቃ ነው። እዚህ ላይ ገዢው የሚሞኝበት ነገር አለ። ኢኤልኤም 327 የሚባለው ርካሽ ሰማያዊ ዕቃ ከተለመዱት የስልክ መተግበሪያዎች ጋር የሞተር ብልሽት ኮድ ያነባል እንጂ ፍሬኑን አያዝም። የሚያዘው ለዚያ የመኪና ቤተሰብ ተብሎ የተጻፈ ፕሮግራም ነው፦ ለፎርድ ፎርስካን፣ ለቮልስዋገንና ለአውዲ ኦቢዲኢሌቨን፣ ወይም በላፕቶፕ የሚሠራው ቪሲዲኤስ። በ2005 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የቮልስዋገን ፓሳት ላይ ቪሲዲኤስ ይዞ የእጅ ፍሬኑ ክፍል ወደሆነው ቁጥር 53 ገብቶ 007 ሲባል ፍሬኑ ይከፈታል፣ 006 ሲባል ይዘጋል። ይህን ያህል ቀላል ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲውን በራሱ ግቢ የሚጠግን ሰው የመኪናው ቤተሰብ አንድ ከሆነ ከዚህ የተሻለ አያገኝም። ለአዲስ አበባው የቻይና መኪና ባለቤት ግን የተባሉት ሁሉ ጥቅማቸው ጥቂት ነው። በዚያ ላይ የስልኩ ግንኙነት መሀል ላይ ቢቋረጥ አንዱ ጎማ ተከፍቶ ሌላው ተዘግቶ ሊቀር ይችላል።

በእጅ የሚያዘውና የራሱ ስክሪን ያለው ማሽን የጋራዥ ዕቃ ነው። አውቴል፣ ላውንችና ፎክስዌል የታወቁት ናቸው። ከስልኩ የሚበልጡት ብዙ ዓይነት መኪና በማወቃቸውና "ክፈት፣ ዝጋ፣ አስተካክል" የሚሉትን ትእዛዞች ለይተው በማስቀመጣቸው ነው። የሚያንሱት በዋጋና ከዋጋው በኋላ በሚመጣው ዋጋ ነው፤ ነጻው የማደሻ ጊዜ ሲያልቅ በየዓመቱ የሚከፈል አለ፣ ሳይታደስ የቀረ ማሽን ደግሞ አዲስ ሞዴል አያውቅም። ለሌላ አገር ገበያ የተዘጋጀ በርካሽ ተገዝቶ ማደሻ የሚከለከልም አለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ወደ እኛ የሚገቡት ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። ለአውሮፓ ገበያ የተዘጋጀ ማሽን የመኪናውን ስም በዝርዝሩ ላይ ቢያሳይም ፍሬኑ ጋ ሲደርስ "አይደገፍም" ሊል ይችላል። ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተሠሩ የቮልስዋገን ሞዴሎች ደግሞ አንዳንድ ትእዛዞችን በኢንተርኔት ፈቃድ ካላገኙ አይቀበሉም፤ ርካሹ ማሽን እዚያው ይቆማል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ባለው የመኪና ብዛት አትደነቁ። ሻጩ ሱቁ በር ላይ በእናንተው መኪና ላይ ሰክቶ ፍሬኑን ከፍቶ ይዝጋ፣ ከዚያ ክፈሉ። እምቢ ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

ሁለት ሽቦ ከ12 ቮልት ባትሪ አምጥቶ ሞተሩን በቀጥታ ማሽከርከርስ? ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ዳዶውንም ይመልሳል። ከሦስቱ ጥያቄዎች የሚመልሰው ግን አንዱን ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ሞተሩ የት መቆም እንዳለበት የሚያውቀው የሚስበውን የኤሌክትሪክ መጠን እያነበበ ነው፤ በሽቦው ጊዜ ያንን የሚያነብ የለም፣ ዘንጉ ጥግ ደርሶ ሲጋጭ የሚያውቀው ጆሮ ብቻ ነው። ሽቦ ከተገለበጠ ደግሞ ፒስተኑ ወደ ውጭ ይመጣል። ሞተሩ ሞቶ ሌላ ምርጫ ከጠፋ፣ ሞተሩን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ፈትቶ በማውረድ ዘንጉን በኮከብ ቁልፍ በእጅ መመለስ ይሻለኛል፤ እጅ መቼ እንደሚበቃው ይሰማዋል። የጎማ ማኅተሙ እንዳይቆረጥ መጠንቀቅ ግን ግድ ነው፤ ውኃ ከገባ ሞተሩ ዕድሜ የለውም። በሁለቱም መንገድ ከሥራው በኋላ የሚያስተካክል ማሽን መፈለግ አይቀርም፤ ያኔ ርካሽነቱ የት ደረሰ?

አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ላለው ሰው ማሽን ግዛ አልለውም። ፍጥነት ሲቀነስ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ራሱ የመኪናው ሞተር ስለሆነ ሸራው ቶሎ አያልቅም፤ በብዙ ዓመት አንዴ ለሚነሣ ዕቃ ያን ሁሉ ገንዘብ ማሰር ነው። መጀመሪያ መመሪያውን ይክፈት፤ አዝራር ከሌለው ማሽን ያለው ጋራዥ ይፈልግና "ሲያልቅ በምን ታስተካክሉታላችሁ?" ብሎ ይጠይቅ። "ራሱ ይለምዳል" ከተባለ ወደ ቀጣዩ ጋራዥ ይሂድ። በቀን ሁለት ሦስት መኪና የሚያስተናግድ ጋራዥ ግን ያለ ማሽን መሥራቱ ያስደንቀኛል።

የትኛውም ቢመረጥ፣ ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ደካማ ከሆነች ሥራው መሀል ላይ ይቆማል። ትልቁ ባትሪ ሙሉ መሆኑ አያድናትም፤ ቻርጀር ይሰካባት። የፊት ጎማዎች በድንጋይ ይታገዱ፣ ቁልፉም ከመኪናው ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ሸራው ከገባ በኋላ መጀመሪያ የፍሬን ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ ይረገጣል፣ ፍሬኑ ከጥገና ሁኔታ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ መኪናዬን ስረከብ ሒሳብ ከመክፈሌ በፊት ጋራዡ አጠገብ ያለው ዳገት ላይ አቆመዋለሁ፤ እግሬን ከፔዳሉ አንሥቼ፣ የፍሬን ብልሽት የሚያሳየውን አምበር (ብርቱካናማ ቢጫ) መብራት እያየሁ፣ መካኒኩን አጠገቤ አስቀምጬ።