የጄኔሬተር ባትሪ ለሚያስቸግራችሁ፦ ገርጂ ያለው ኤሌትራውቶ

ገርጂ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞረ ጄኔሬተር የሚሠራ ኤሌትራውቶ አለ። ሥራውን ወድጄለታለሁ፤ ሰዓት አከባበሩን ግን አልወደድኩለትም። ጠዋት እመጣለሁ ብሎኝ ከምሳ በኋላ ነው በር ያንኳኳው።

የእኛ ጄኔሬተር መብራት ሲሄድ ራሱ የሚነሳ፣ ሲመጣ ራሱ የሚጠፋ ነው። የእናቴ ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ስለሚቀመጥ ያለ እሱ አይሆንልንም። ሰሞኑን ግን መብራት በሄደ ቁጥር ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይልና ዝም። ቀደም ሲል የጠራነው ሌላ ባለሙያ ቴስተር እንኳ ሳያወጣ «ባትሪው ሞቷል፣ ቀይሩት» ብሎ ነበር። ቀየርን። አዲሱም ብዙ ሳይቆይ ያንኑ ጠቅ ጠቅ ጀመረ።

ይሄኛው ልጅ ካቻቪቴ ከማንሳቱ በፊት ለካ። ጄኔሬተሩ እንደቆመ 11.9 ቮልት። «እትዬ፣ ይሄ ባዶ ነው። የሞላ ባትሪ 12.6 ያሳያል» አለኝ። ከመኪናው ባትሪ በኬብል አስነሳና ኬብሉን ነቅሎ ሲያየው 14.1። ዲናሞው ደህና ነው ማለት ነው። ሞተሩን አጥፍቶ፣ የመንግሥት መብራት እያለ፣ ቴስተሩን እንደሰካ ትንሽ ጠበቀ። ቁጥሩ ይወርዳል እንጂ አይወጣም። ፈገግ ያለው ይሄኔ ነው። እንዲህ ያለው ጄኔሬተር ቆሞ በሚውልበት ጊዜ ባትሪውን የምትሞላው ሳጥኑ ውስጥ ያለች ትንሽ ቻርጀር ናት፤ የምትሠራውም ከቤቱ መስመር በሚመጣው 220 ነው። የመቆጣጠሪያው ቦርድ ደግሞ ቀንም ሌሊትም ከባትሪው ትንሽ ትንሽ ይወስዳል። ቻርጀሯ ካልሠራች የፈለገውን ያህል አዲስ ባትሪ ብትገዙ ያልቃል።

ሳጥኑን ሲከፍተው የቻርጀሯ ፊውዝ ተቃጥሏል። እኩል አምፔር ያለው አምጥቶ ተካው፤ በፊውዝ ቦታ ሽቦ ጠምጥሞ የሚሄድ ስንቱ ነው! በማግስቱ ያው ባትሪ 13.5 ላይ ቆሞ ነበር። ሞርሴቶዎቹ (ባትሪው ጫፍ ላይ የሚታሰሩት ብረቶች) ላይ የተጋገረውን ነጭ አረንጓዴ ዱቄትም በቤኪንግ ሶዳና በሞቀ ውሃ አጠበው። ሲፈታ ኔጋቲቩን አስቀደመ፣ ሲያስር መጨረሻ አደረገው። ቁልፉ ድንገት ብረት ቢነካ እሳት እንዳይፈጥር ነው አለኝ።

1,500 ብር ከፈልኩት፣ ፊውዙን ጨምሮ። አዲስ ባትሪ ላይ ያወጣነውን ሳስበው ርካሽ ነው። ደረሰኝ ግን አይሰጥም፤ የሳጥኑንም ክዳን አንድ ብሎን አጉድሎ ነው የሄደው።

«ቴስተር ግዢ» ስላለኝ ገዝቻለሁ። በወር አንዴ ለክቼ ከ12.4 በታች ካየሁ እደውልለታለሁ። አምስት ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት የደከመ ባትሪ አይሞላም ብሏል፤ ፍሪጁንና መብራቱን አሸክመን ግማሽ ሰዓት እናሠራዋለን።

ስልኩን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። እሑድ ግን አትድከሙ፣ አያነሳም።