ደሴ ላይ አሮጌ ቤት ለማደስ አርክቴክት መቅጠር ያዋጣል ወይ? እኛ ያየነው

ባጭሩ ያዋጣል። ግን የትኛውም አርክቴክት ማለቴ አደለም፣ ባዶ መሬት ላይ አዲስ ቪላ ሚነድፍ ሌላ ነው፣ ሰው እየኖረበት ያለ ቤት ገብቶ ምኑ ጤነኛ ምኑ በሽተኛ እንደሆነ ሚለይ ደሞ ሌላ ነው።

ይሄን ምጽፈው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ስላለች አንዲት ትንሽ ቢሮ ነው። ሁለት አርክቴክቶች ናቸው፣ አብረው የተማሩ፣ ሥራቸው በብዛት የመኖሪያ ቤት እድሳትና ማስፋፊያ ነው፣ ትልልቅ ሕንፃ ውስጥ አይገቡም። ስማቸውን ሳላስፈቅድ እዚህ አልለጥፍም፣ ምትፈልጉ ለብቻ ጠይቁኝ።

ቤታችን ጦሳ ተራራ ግርጌ ተዳፋቱ ላይ ያለ የጭቃ ቤት ነው። ፊተኛው ሳሎን አያቴ ያሠራው ነው፣ ጓዳውና የኋላው መኝታ ቤት ኋላ የተቀጠለ፣ ማድቤቱና ሽንት ቤቱ ደሞ ግቢ ውስጥ ለብቻቸው ናቸው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ በክረምት ሌሊት በዝናብ በጭቃ ወደ ውጭ መውጣት ለሷ ፈተና ነው። ጅዳ ያለችው እህቴ ብር ልካ "የእማዬን ሽንት ቤት ወደ ውስጥ አስገቡልኝ" ነበር ያለችው፣ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ከዛ ወንድሜ ብር ከወጣ አይቀር ፎቅ ይሁን አለ፣ አንድ ኮንትራክተር ጠራን፣ ሰውየው በር ላይ ቆሞ አየት አረገና "ይሄ ይፈርሳል፣ በብሎኬት እንሠራዋለን" አለ፣ ውስጥ እንኳን አልገባም። እናቴ ይሄን ስትሰማ ምሳዋን አልበላችም።

ወደዚች ቢሮ የሄድነው ከዛ በኋላ ነው። መጀመሪያ ያሉን ነገር ወንድሜን አናደደው፣ ስዕል ከመጀመራችን በፊት ቤቱን ለክተን፣ መርምረን፣ ያለበትን ሁኔታ በወረቀት እንሰጣችኋለን፣ ለሱ ለብቻው ትከፍላላችሁ፣ ከዛ በኋላ ከኛ ጋር መቀጠል ካልፈለጋችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ሌላ ጋር መሄድ ትችላላችሁ አሉ። ወንድሜ "ሳይስሉ የምን ክፍያ ነው" ብሎ ነበር፣ እኔ ግን አሁን ብጠየቅ ከከፈልነው ብር ሁሉ በደንብ የሠራው እሱ ነው እላለሁ።

የመጣችው ልጅ (አርክቴክቷ) ሌዘር ሜትርና አንድ ካቻቢቴ ይዛ ነው የመጣችው። ልኬቱን ከጨረሰች በኋላ የግድግዳውን እግር እየዞረች፣ ልስኑን ትንሽ ትንሽ እየፈለፈለች ቋሚዎቹን በካቻቢቴው ወጋ ወጋ ማረግ ጀመረች። ሳሎን ጋ ካቻቢቴው አልገባም። ጥድ ነው፣ ያ ሁሉ ዘመን አልፎበት እንደ ድንጋይ ነው። ጓዳው ጋ ስትደርስ ግን ብረቱ እስከ እጀታው ገባ፣ ስታወጣው ዱቄት ይዞ ወጣ፣ ባህርዛፍ ነበር፣ ምስጥና እርጥበት ጨርሶታል። እናቴን ጠርታ አሳየቻትና "እማማ አብሽሪ፣ ሳሎኑ አይፈርስም፣ ሚፈርሰው ይሄ የኋላው ብቻ ነው" አለቻት። እናቴ ወዲያው ቡና ልትቆላ ተነሳች።

ቀጥሎ የጠየቀችው ውሃው ከየት እንደሚመጣ ነው። ከላይ ካለው ግቢ ሚወርደው የክረምት ጎርፍ ቀጥ ብሎ የኋላ ግድግዳችን ላይ ነው ሚያርፈው፣ ጣራው ደሞ አሸንዳ የለውም፣ ከቆርቆሮው ሚንጠባጠበው ውሃ መሬት ላይ እየነጠረ የግድግዳውን እግር ያረጥበዋል። በዛ ላይ ከዓመታት በፊት አንድ ግንበኛ የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ ለስኖት ነበር፣ ያኔ ሁላችንም አማረ ብለን ነበር። ሲሚንቶና ጭቃ አብረው አይሄዱም፣ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ የገባው ውሃ ደሞ መውጫ አጥቶ እዛው ታፍኖ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ደሴ ውስጥ እንደዚህ የተለሰነ ቤት ስንት እንዳለ እናንተው ታውቃላችሁ። ስለዚህ ወረቀታቸው ላይ በቅደም ተከተል የመጀመሪያው ወጪ ሴራሚክ አደለም ኮርኒስም አደለም፣ ከቤቱ ጀርባ የድንጋይ ቦይና አሸንዳ ነው። ቀጥሎ ሲሚንቶውን ልጦ በጭቃና በጭድ መለሰንና ኖራ መቀባት። ወንድሜ "ለቦይ ነው እንዴ ብር የተላከው" አለ፣ ክረምቱ ሲመጣ ግን ጎርፉ በቦዩ ሲሄድ ቆሞ ያየው እሱ ነው።

የፎቁን ነገር በተመለከተ ዝም ብለው አይሆንም አላሉም፣ አስረድተውታል። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ (ቁጥር 624) ባለ አንድ ወለል ሆኖ በምሰሶዎቹ መሃል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጠውን ቤት ምድብ ሀ ነበር ያለው፣ ፎቅ ሲጨመር ወደ ምድብ ለ ያስገባ ነበር፣ ያ ማለት የስትራክቸር ስሌት፣ ፌሮው (ብረቱ)፣ ኮለኑ (ምሰሶው)፣ ሶሌታው (የኮንክሪት ወለሉ) ሁሉ ይመጣል። የጭቃ ቤት ላይ ሚጫን ነገር የለም፣ ሳሎኑ የግድ መፍረስ አለበት። ደሞ አፈሩ ተዳፋት ነው፣ የከተማው መሬት መንሸራተት አዲስ ወሬ አደለም፣ እዚሁ ከኮምቦልቻ በታች ካራ ቆሬ አካባቢ በ1953 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴ ከተማን እንዳፈረሰ ትልልቆቹ ያወራሉ። ወንድሜ አጠገብ ሆኖ ቁጥሩን በወረቀት እየጻፈ ያሳየው ሁለተኛው አርክቴክት ነው፣ በእህታችን ብር ፎቁ መሠረቱን አልፎ ሚሄድ እንዳልሆነ ወንድሜ በራሱ አፍ አለ።

እኔ በጣም የወደድኩት ግን የመስኮቱን ሥራ ነው። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነች፣ ብርዷን ለናንተ አልነግራችሁም። ጦሳ ደሞ በምዕራብ በኩል ስለሆነ ፀሐይዋ ከሰዓት ቶሎ ትሸሸግብናለች፣ እናቴ ምትቀመጥበት ክፍል መስኮቱ ወደዛው ነበር። ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ማለትም ብርዱ ሲጠና፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ነው ምትሄደው፣ ስለዚህ አዲሱን የእናቴን መኝታ ቤት መስኮት በምሥራቅና በደቡብ አረጉት። አሁን ጠዋት አልጋዋ ላይ ፀሐይ ይገባል። በዚህ ለውጥ የጨመርነው ወጪ የለም፣ መስኮት ያው መስኮት ነው፣ ቦታው ነው የተቀየረው። ኮምቦልቻ ላለችው አክስቴ ደሞ ተቃራኒውን ነው የመከሯት፣ እዛ ሙቀት ስለሆነ ጣራው ወጣ ብሎ ጥላ እንዲያረግና ነፋስ በቤቱ መሃል እንዲያልፍ። ሁለቱ ከተሞች ያን ያህል ሳይራራቁ ቤታቸው አንድ አይነት መሆን እንደሌለበት ያኔ ነው ያስተዋልኩት።

ማድቤቱን ወደ ውስጥ ሲያስገቡ እናቴን "ምጣድሽ የቱ ጋ ይቀመጥ፣ ቡና ስታፈዪ ወዴት ዞረሽ ነው ምትቀመጪው፣ እንግዳ ሲበዛስ" ብለው ጠይቀዋታል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ ለብቻው ገመድና ብሬከር አስያዙለት፣ በፊት ምጣድ ሲሰካ መብራቱ ይደበዝዝ ነበር። ቆርቆሮውንም ጌጁን ጽፈው ነው የሰጡን፣ 28 (ቁጥሩ ሲያንስ ነው ሚወፍረው)፣ ሱቅ ሄደን 32 ሊሸጡልን ሲሉ ወረቀቱን አሳየን።

አሁን ያልወደድኩትንም ልናገር። ቀርፋፋ ናቸው። ሁለት ሰው ብቻ ስለሆኑ በአንድ ጊዜ ብዙ ሥራ አይዙም፣ ጥሩ ነው፣ ግን ተራችሁ እስኪደርስ ትጠብቃላችሁ፣ እኛ ስዕሉ እስኪያልቅ ጥሩው የበጋ ወቅት ተጋመሰብን። ከለር ያለው የሚያምር ስሪዲ ምናምን ምትፈልጉ ከሆነ አይሠሩም፣ እህቴ ጅዳ ሆና በፕላን ብቻ ቤቱ እንዴት እንደሚሆን ሊገባት አልቻለም፣ በቴሌግራም በድምጽ እየደጋገሙ አስረድተዋታል ግን አንድ ሁለት የእጅ ስዕል ቢጨምሩ በቂ ነበር፣ ነግሬያቸዋለሁ። ሌላው ዋናው ደሞ የሳይት ክትትል ከዲዛይን ክፍያው ውጪ ነው። ይሄን ውሉ ላይ ጽፈውታል፣ አልደበቁም። ግን ብር ለመቆጠብ ብላችሁ ክትትሉን እንዳትተዉት፣ የኛ አናጢ ስዕሉን አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ከቶ በራሱ ሐሳብ የሽንት ቤቱን በር ወደ ውስጥ ሚከፈት ሊያረገው ነበር፣ አሮጊት ሰው ውስጥ ብትወድቅ በሩ አይከፈትም፣ አርክቴክቷ ለክትትል መጥታ ነው ያስቆመችው።

ክፍያው በ3 ነው ሚከፈለው፣ ምርመራው፣ የፈቃድ ስዕሉ፣ የሥራ ስዕሉ። የእድሳት ፈቃዱን ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ምትጨርሱት እናንተ ናችሁ፣ እነሱ ወረቀቱን አሟልተው ይሰጧችኋል።

ምትሄዱ ከሆነ የካርታችሁን ኮፒ ያዙ፣ ቤቱ መቼ መቼ እንደተቀጠለ ሚያውቅ ትልቅ ሰው ካለ አብሮ ይሂድ ወይ በስልክ ያግኙት፣ መጀመሪያ ሚጠይቁት እሱን ነው። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ሳይት ስለሚውሉ ስልክ አያነሱም። ከመስከረም በፊት ተራ ብትይዙ ይሻላል፣ ክረምቱ ሲወጣ ሁሉም ሰው ነው ሚመጣባቸው።